ሲጥ ሲጥ የሚለው ፒካፕና ዝም የሚለው ሹፌር

በሞያሌም ይሁን በቶጎ ውጫሌ፣ ጋራዥ በር ላይ የሚሰማው የነጋዴ አቤቱታ አንድ ነው፤ "መኪናዋ ትጮኻለች፣ እስቲ እያት።" መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፣ አንድ ዕቃ ይጠራል። ዕቃው ተገዝቶ ይቀየራል። መኪናዋ ሁለት ቀን ዝም ትላለች፤ በሦስተኛው ቀን ፍየል ጭና ከዱብሉቅ ስትነሳ ያው ድምፅ ይመለሳል። ሌላ ዕቃ ይቀየራል። የባሌስትራ ጎሚኒው፣ አሞርዛቶሩ፣ የፍሬን ሸራው ተራ በተራ ተለውጠውለት ድምፁ ግን ያልለቀቀው የቆየ ሃይሉክስ በድንበሩ ግራና ቀኝ ሞልቷል። ባለቤቱም በመጨረሻ "ያረጀ መኪና መቼም ዝም አይልም" ብሎ ይተወዋል።

ድምፁ ምስጢር ሆኖ የሚቀረው ግን መኪናው ስላረጀ አይደለም፤ ጥያቄው ስለተሳሳተ ነው። "ምን ተበላሽቶ ነው?" ከማለት በፊት "መቼ ነው የሚጮኸው?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን መመለስ የሚችለው መካኒኩ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ከድምፁ ጋር የሚውለው ሹፌር ነው። ሹፌሩን የሚያናግር ነገር ግን የለም፤ እንዲያውም አፉን የሚያሲዘው ብዙ ነው። የነጋዴው ገንዘብ የሚፈስሰው በዚህ ቀዳዳ ነው።

የቁም እንስሳት ነጋዴ ይህን አሠራር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ገበያ ላይ ግመል የሚገዛ ሰው ሻጩን "ምን በሽታ አለበት?" ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልሱን አያምንም። ግመሉን ያስነሳዋል፣ ያስተኛዋል፣ ያስኬደዋል። ሲነሳ የኋላ እግሩ ያመነታ እንደሆነ፣ ሲራመድ አንዱን ጎን የሚያሳሳ እንደሆነ ያያል። የሚያስል ፍየል ካየ፣ ቆሞ ነው የሚያስለው ወይስ ሲሮጥ፣ እሱ ብቻ ነው ወይስ ሌሎቹም ብሎ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ምርመራ ነው። መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብም አያስወጣም፤ ከመድኃኒቱ ግን ይቀድማል። ይኸው ሰው ጋራዥ ሲገባ ዕውቀቱን በር ላይ ጥሎት ይገባል። ገበያ ውስጥ ደላላ የማይሸውደው ነጋዴ፣ በሽታው ሳይታወቅ የተገኘው መርፌ ሁሉ እንደሚወጋ በሬ፣ መኪናው ላይ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ሲገጠም ቆሞ ይከፍላል።

እንስሳ የሚጭን ፒካፕ ደግሞ ጩኸቱ የራሱ ነው። የፍየልና የበግ ሽንት በካሶኒው ስንጥቅ እየገባ ወደ ሻንሲውና ወደ ባሌስትራው ይወርዳል። ሽንት ብረት ይበላል፤ በብረቱ መካከል የነበረውንም ግሪስ እያጠበ ይወስዳል። በላዩ የቦረና ቀይ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ይደርቃል። በማግሥቱ የባሌስትራው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራሉ። ወደ በርበራ የሚወርደው መኪና የባሕሩ ጨው ይታከልበታል። የአትክልት ነጋዴው ሃይሉክስ በአምስት ዓመት የሚደርስበትን ዝገት የፍየል ጫኙ ቀድሞ ያየዋል፤ ጋራዡ ግን ሁለቱን የሚያክማቸው በአንድ ዓይን ነው።

ሌላው ነገር ጭነቱ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ሲሚንቶ ከተጫነበት አይነቃነቅም። ፍየል ግን መታጠፊያ ላይ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ ይደገፋል። ይህ ግፊት የሚያርፈው ካሶኒው ዙሪያ በተበየደው የብረት አጥር ላይ ነው። አጥሩ የታሰረበት ቡሎን ትንሽ ከላላ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ድምፁ በሻንሲው ውስጥ ተጉዞ ጋቢና ውስጥ ሲሰማ ከጎማ ሥር የመጣ ይመስላል። ስንት የፊት ጎማ ኩሽኔታ በዚህ የተነሳ ያለ ኃጢአቱ ተፈትቶ ተጥሏል!

ክብደቱም አለ። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝኑ 25 ፍየሎች 750 ኪሎ ናቸው። አጥሩ፣ ከላይ የሚቀመጡት ሁለት ጠባቂዎች፣ የውኃ ጀሪካኑ ሲደመር አንድ ቶን ይጠጋል፤ የሃይሉክስ አቅም እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ከዚያ ብዙም አያልፍም። ባሌስትራው በዚህ ጭነት ሲተኛ የማይነካካው ይነካካል፤ ባዶውን ሲሆን ደግሞ ይለያያል። ጋራዥ የሚገባው ባዶውን ስለሆነ መካኒኩ በአስፋልት ላይ አንድ ዙር ነድቶ "ምንም የለባትም" ቢል አልዋሸም፤ ድምፁ የጭነት ድምፅ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ አሸዋ የተሞላ ጥቂት ማዳበሪያ ካሶኒው ላይ አድርጎ መንዳት። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ግን ፈልጎም አይገኝም፤ የሚጠይቅ ነጋዴ ስለሌለ።

እንግዲህ "መቼ" የሚለው ጥያቄ እንዲህ ይሠራል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ እየሠራ የሚጮኽ ከሆነ ባሌስትራውም፣ ክሮቼራውም፣ የጎማው ኩሽኔታም ነፃ ወጡ፤ ነገሩ ከኮፈኑ ሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቺንጊያው ነው። ጠዋት ሲነሳ ጮኾ ሲሞቅ የሚተው፣ ወይም መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቺንጊያው ላይ ውኃ ጠብ ሲደረግበት ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ቺንጊያው አልቋል ወይም የሚዞርበት ፑሌ ከመስመሩ ወጥቷል፤ ውኃው ሲነካው ከባሰበት ላልቷል፣ እየተንሸራተተ ነው። የመጀመሪያውን ቺንጊያ በማጥበቅ ብቻ ለማዳን መሞከር የዲናሞውን ኩሽኔታ መግደል ነው። በነገራችን ላይ ይህን ምርመራ የሚያደርግ ሰው እጁንም ሽርጡንም ከሚዞረው ነገር ያርቅ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የካምቢዮ ነው። ይኸኛው ቶሎ ይለያል፤ የሚያወዛግበው መኪናው ሲሄድ የሚሰማው ነው።

ሲሄድ የሚሰማው በሁለት ይከፈላል፤ መንገዱን የሚከተል ድምፅ አለ፣ ፍጥነቱን የሚከተል ድምፅ አለ። ጉድጓድና ጉብታ ላይ ብቻ የሚጮኽ፣ አስፋልቱ ሲስተካከል ዝም የሚል ከሆነ መንገዱን ነው የሚከተለው፤ ይህ የባሌስትራ፣ የጎሚኒ፣ የካሶኒና የአጥር ቤተሰብ ነው። ዝናብ ዘንቦ ማግሥቱን የጠፋ ድምፅም እዚሁ ይመደባል፤ የደረቀውን ጎሚኒ ዝናቡ ስላረሰው ነው። ቦታውን ለማግኘት አንድ ሰው የኋላው መከላከያ ላይ ቆሞ መኪናውን ያወዛውዛል፣ ሌላው በሃይላንድ ኮዳ ውኃ ይዞ ከጎን ይንበረከካል። አንዱን ጎሚኒ ያርሰዋል፣ ያዳምጣል፤ ቀጣዩን ያርሳል፣ ያዳምጣል። ድምፁ የጠፋበት ቦታ ላይ ያቆማል። ከዚህ በፊት ግን ስኮርታ ጎማው የተንጠለጠለበትን ሰንሰለት፣ ክሪኩ የተቀመጠበትን ቦታና የአጥሩን ቡሎኖች አንድ በአንድ ማጥበቅ ይገባል። አስቂኝ ይመስላል እንጂ፣ ብዙ ወር ያወዛገበ ድምፅ ከክሪክ ሥር የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ በየጋራዡ የተለመደ አንድ ነገር ሊነቀፍ ይገባል። ባሌስትራ ሲጮኽ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ። ድምፁ ያን ዕለት ይጠፋል፤ ሹፌሩም ይደሰታል። ዘይቱ ግን አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራና ዘይት ሲቦካ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ጎማ ነክ የሆነውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ጥቂት ወር ቆይቶ ይቀደዳል። ከሁሉ የሚብሰው ዘይቱ ተንጠባጥቦ የኋላው ታምቡር ውስጥ የገባ እንደሆነ ነው፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይይዝም። አንድ ቶን ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ሲጥ ሲጥ ማለቱ ከዚህ በጣም ይሻላል። የተበላሸ ጎሚኒ ይቀየራል፤ ያልተበላሸው በውኃ ታጥቦ ለጎማ የተሠራ ቅባት ይቀባል። ዘይት አፍስሶ ዝም ማሰኘት ሳል ያለበትን ፍየል አፉን አስሮ ገበያ እንደ ማውጣት ነው።

ፍጥነትን የሚከተለው ድምፅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴው መፍራት ያለበትም ይህንን ነው። መኪናው ቀስ ሲል ቀስ ብሎ፣ ሲፈጥን ፈጥኖ፣ እንደ ወፍ ጭጭ ጭጭ የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ክሮቼራው ነው፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው መስቀለኛ ብረት። በውስጡ መርፌ የሚያካክሉ ጥቃቅን ሮለሮች አሉ። ግሪሳቸው ሲያልቅ ይደርቃሉ፣ ይዝጋሉ፣ ይጮኻሉ። ብዙዎቹ የቆዩ ሃይሉክሶች ክሮቼራ ላይ ግሪስ የሚገባባት ትንሽ ጫፍ አለች፤ በጭቃና በፍግ ተሸፍና ስለምትኖር መኖሯ ይረሳል። በጊዜው ግሪስ ከተሰጠው ለዓመታት ያገለግላል። ካልተሰጠው መጀመሪያ ጭጭ ይላል። ቀጥሎ ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር ቷ የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ መኪናው በተወሰነ ፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መጨረሻው ዘንጉ ተቆርጦ አስፋልት ላይ መውደቁ ነው።

ልብ የሚባለው ነገር ጭጭ የሚለው ድምፅ አንዳንዴ ራሱን በራሱ መተዉ ነው። ሮለሮቹ ተፈጭተው ሲያልቁ የሚጮኽ አይኖርም። ሹፌሩ "ተሻላት" ይላል። በከብት ቤት እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ሲጮኽ ያደረ እንስሳ ዝም ያለው ድኖ ላይሆን ይችላል።

ምርመራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማዎቹ በታኮ ይታሰራሉ፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ማርሹ ፍሪ ይደረጋል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል። ከዚያ ከሥር ገብቶ ዘንጉን በእጅ ወዲህና ወዲያ ማዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ነው። ጤነኛ ክሮቼራ ፈጽሞ አይላላም። በቆቡ ዙሪያ እንደ በርበሬ ያለ ቀይ ዱቄት ከታየ ነገሩ አልቋል፤ ያ ዱቄት የሮለሮቹ ዝገት ነው። ረጅሙ ሞዴል መሃል ላይም ዘንጉን የሚይዝ ኩሽኔታ ስላለው እሱም በዚያው ይታያል።

ፍጥነትን ከሚከተሉት መካከል ፍሬኑ የሚለየው ፔዳሉ ለስለስ ተደርጎ ሲነካ ድምፁ ስለሚለወጥ ነው። አንዳንድ የፊት ሸራዎች ማለቃቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ቀጭን ብረት ተሠርቶላቸዋል፤ ሸራው ሲሳሳ ብረቱ ዲስኩን እየነካ ይጮኻል። ይህን ድምፅ "አቧራ ነው" ብሎ ያለፈ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ብረት ከብረት ሲፋጭ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ደግሞ በመታጠፊያ ይታወቃል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ፣ ያን ጊዜ የሚብስ ድምፅ የቀኙን ያስጠረጥራል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚብሰው የግራውን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሲቆም ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል የጎማ መሃል ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የጆሮ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ድንበር ተሻጋሪው ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው፤ በኢትዮጵያ፣ በሶማሌላንድና በጅቡቲ በቀኝ። በሐርጌሳና በበርበራ ግን መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች በቀኝ ረድፍ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ሹፌሩ የተቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው፤ ከጎኑ ግንብ ወይም የቆመ መኪና ሲያልፍ ድምፁ ገጭቶ ወደ እሱ ይመለሳል። ሁሌም የሚጮኸው እሱ ያለበት ጎን ይመስለዋል። ስለዚህ ሹፌሩ "ከቀኝ ነው" ሲል፣ ረዳቱ በሌላኛው በኩል መስኮት ከፍቶ ምን እንደሚሰማ ሳይጠየቅ ምንም ዕቃ መፈታት የለበትም። አስፋልቱም ጨዋታውን ለውጦታል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጠጠርና አቧራ በነበረበት ዘመን የክሮቼራን ጭጭታ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ መኪናው ራሱ አንድ ትልቅ ጩኸት ነበር። ዛሬ ይሰማል። መኪናው ፀጥ ባለው መንገድ ላይ ስለሚፈጥን ደግሞ ዘንጉ ቢወድቅ አደጋው ከድሮው ይከፋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ሲመጣ፣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ሹፌሩ ካልተናገረ ዋጋ የለውም። ሹፌሩ ለምን ዝም ይላል? ስንፍና ወይም ግድየለሽነት ነው የሚለው የባለንብረቶች ቅሬታ ነገሩን አይገልጸውም። አብዛኛው ሹፌር የሚከፈለው በቢያጆ ነው። መኪናው ጋራዥ ከቆመ ቢያጆ የለም፤ ቢያጆ ከሌለ ገቢ የለም። ድምፅ ሰማሁ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን አድርገህባት ነው?" የሚል ነው። አንዳንዱ ባለንብረት የጥገናውን ግማሽ ከሹፌሩ ይቆርጣል። በዚህ ላይ ጭነቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደላላው በስልክ "የት ደረሳችሁ?" እያለ ይጨቀጭቃል። ሹፌሩ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። "ሐጂ፣ መኪናዋ ሰላም ናት" ይላል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለሹፌሩ እውነት ነው፤ የሚነቅዘው የባለንብረቱ ክሮቼራ ነው።

ይህ ሒሳብ ለእንስሳት ጤና ሙያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳውዲ ዓረቢያና በየመን ከታየ በኋላ በቀጠናው የቁም እንስሳት ላይ የተጣለውን እገዳ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በሶማሊያ እንስሳት ላይ የሳውዲ እገዳ እስከ 2009 ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ፍየሎቹ ሲያስወርዱ ያየ ሰው "አየሁ" ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል፤ የመናገሩ ዕዳ በእሱና በጎረቤቶቹ ላይ፣ የመስማቱ ጥቅም ግን በሌላው ላይ ይወድቃልና። በተቃራኒው ደግሞ የደስታ በሽታ አለ። ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ሲታወጅ፣ ከዚያ ቀደም በ1990ዎቹ እንደ አፋር ባሉ አካባቢዎች ትልቁን ሥራ ከሠሩት መካከል ከአርብቶ አደሩ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነበሩ። አርብቶ አደሩ ያየውን ተጠየቀ፣ ተናገረ፣ ስለተናገረም አልተቀጣም፤ ይልቁንም ክትባት መጣለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እንዳይደብቅ ያደረገው ግን ምክር ሳይሆን የመናገር ዋጋ መቀነሱ ነው።

ለፒካፑም መንገዱ ይኸው ነው። ድምፅ ሰምቶ የተናገረ ሹፌር መኪናው በቆመበት ቀን አበሉ ሊታሰብለት ይገባል፤ ሙሉ ቢያጆ ባይሆን እንኳ ከቤቱ ባዶ እጁን እንዳይገባ። የጥገና ወጪ ከሹፌር ደመወዝ መቁረጥ፣ ሹፌሩ ድምፁ ከመጣ በኋላ ደብቆ ካልተገኘ በቀር፣ መቅረት አለበት። ጋቢናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ "ሲጥ ይላል" ብቻ ተብሎ ሳይሆን መቼ፣ በምን መንገድ፣ ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ፣ ፍሬን ሲነካ ይለወጣል ወይ ተብሎ ይጻፍበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሹፌር በስልኩ ድምፁን ቀርጾ ይላክ፤ ዛሬ ስልክ የሌለው ሹፌር የለም። ድንበር ላይ ሹፌር የሚቀያየርባቸው መኪኖች ይህ እጥፍ ያስፈልጋቸዋል። ከሞያሌ ተረክቦ ወደ ናይሮቢ የሚነዳው ሰው ድምፁ ትናንት የጀመረ ይሁን ከዓመት በፊት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ተረካቢ ሁሉ ደግሞ የተረከበውን ድምፅ የመኪናው ተፈጥሮ አድርጎ ይወስደዋል።

ተቃውሞው ይታወቃል። ከዐረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት መርከብ እየጠበቀ፣ ዋጋ እየወጣ፣ ማን መኪና አቁሞ ጎሚኒ ያርሳል? እውነት ነው፤ ድምፅ ሁሉ መኪና አያስቆምም። መንገዱን የሚከተለው የባሌስትራና የካሶኒ ጩኸት፣ የባሌስትራው ቅጠል አለመሰበሩና ያሰሩት ቡሎኖች አለመላላታቸው ከታየ፣ ደርሶ እስኪመለስ ሊቆይ ይችላል። ቺንጊያም ተጠባባቂ ከተያዘለት ይታገሣል። ፍጥነትን የሚከተለው ግን አይቆይም፤ ክሮቼራው፣ የጎማው ኩሽኔታና ፍሬኑ ጭነት ሳይጫን መታየት አለባቸው። "ሁሉንም ጠግን" ማለት ሞኝነት ነው፤ "ሁሉንም ተወው" ማለትም እንዲሁ። ነጋዴው የሚያስፈልገው ሁለቱን የሚለይበት ሩብ ሰዓት ነው።

የሩብ ሰዓቱን ዋጋ ማስላት ይቻላል። 25 ፍየል የጫነ ፒካፕ ከሐርጌሳ ወደ በርበራ ሲወርድ ዘንጉ ወድቆ ከረፋድ እስከ ማታ ቆመ እንበል፤ በበጋ የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ወቅት ነው። እያንዳንዱ ፍየል በጥማትና በሙቀት ሁለት ኪሎ ብቻ ቢቀንስ 50 ኪሎ ጠፋ። አንድም ሳይሞት ከአንድ ተኩል በላይ ፍየል መንገድ ላይ ተነነ ማለት ነው። የተረጋገጡት፣ የተሰበሩት፣ ደርሰው ማቆያው ውስጥ የሚታመሙት ገና አልተቆጠሩም። ሌላ መኪና ተጠርቶ ጭነቱ ሲዛወር የሚጠየቀው ኪራይ የችግር ቀን ኪራይ ነው። መርከቡ ካመለጠ ደግሞ የመኖው ወጪ በየቀኑ ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ ጎን የአንድ ክሮቼራ ዋጋ ሲቀመጥ የሚያወዳድር ሰው ያፍራል። ነጋዴው ግን አያወዳድርም፤ የክሮቼራው ወጪ ጋራዥ ውስጥ ከኪሱ ሲወጣ ይታየዋል፣ የ50ው ኪሎ ወጪ ግን "ገበያው ቀዘቀዘ" ተብሎ ይታለፋል።

የቀረው የመካኒኩ ነገር ነው። በቀጠናው ጋራዦች መመርመር ዋጋ የለውም። መካኒኩ የሚያገኘው ዕቃ ሲቀይር ነው፤ ብዙ ጊዜም ዕቃው ከተገዛበት ሱቅ ትንሽ ነገር ይደርሰዋል። አንድ ሰዓት ከመኪና ሥር ተኝቶ "አጥሩ ላይ አንድ ቡሎን ላልቶ ነበር፣ አጠበቅሁት" የሚል መካኒክ እጁን አራግፎ ከሻይ ዋጋ የማያልፍ ይዞ ይሄዳል። ኩሽኔታ የፈታው ግን ለቀኑ ይበቃዋል። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ የሚከፈለው ለማግኘት ሳይሆን ለመቀየር ስለሆነ ይቀይራል። ነጋዴው ገና ሲገባ "ችግሩን ካገኘኸው፣ ምንም ባትቀይርም ይህን ያህል እከፍልሃለሁ" ብሎ ቢዋዋል የጨዋታው ሕግ እዚያው ይለወጣል። ለእንስሳ ሐኪም የሚከፈለው ስላየ ነው፤ መድኃኒቱ ለብቻው ይታሰባል።

የተቀየረ ዕቃ ካለም አሮጌውን በእጅ ተቀብሎ ማየት ያስፈልጋል። ክሮቼራ ከሆነ ቆቡን ከፍቶ ሮለሮቹን በጣት መንካት ነው። ደርቀው፣ ዝገው፣ መስቀሉ ላይ ጭረታቸውን ትተው ከሆነ ድምፁ ተገኝቷል። ግሪስ ይዘው እንደ አዲስ የሚያብለጨልጩ ከሆነ ግን ጤነኛ ዕቃ ነው የተጣለው፤ የሚጮኸው ገና መኪናው ሥር አለ፣ ፍየሎቹም አይጫኑ።